የመቅኔ መጥቆር ሁሉ ካንሰር አይደለም
በተመራቂዎች የመገናኛ ዕለት፣ ሮቤ ላይ የቀረበ ንግግር



አዘጋጆቹ «ከሙያህ አንድ ነገር ንገረን፤ ሐኪም ያልሆነውም ይግባው» ብለውኛል። እኔም የመረጥኩት በኤምአርአይ ውጤት ላይ የምትጻፍ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፦ «የአከርካሪው መቅኔ ሲግናል በስፋት ቀንሷል»። ወገቡን አሞት የመጣ ሰው ይህችን ወረቀት ይዞ ቤቱ ይገባል። እንግሊዝኛ የሚያነበው ልጅ ስልኩን ይከፍታል፤ ማታውኑ «ካንሰር ነው» ተብሎ ይለቀሳል። በማግስቱ ለአዲስ አበባ ጉዞ በሬ ይሸጣል።

ነገሩ ምንድን ነው? ቅልጥም የበላ ሁሉ መቅኔን ያውቃል። ስብ የበዛበት ቢጫ መቅኔ ይባላል፤ 80 በመቶ ያህሉ ስብ ነው። ደም የሚሠራው ቀዩ መቅኔ ግን ስቡም ውሃውም 40 በመቶ ገደማ ነው። ስንወለድ መቅኔያችን ከሞላ ጎደል ቀይ ነው። ከእጅና ከእግር ጫፍ ጀምሮ ወደ ቢጫ እየተለወጠ ይሄድና፣ በ25 ዓመት ገደማ ቀዩ በአብዛኛው በአከርካሪ፣ በዳሌና በደረት አጥንት ይቀራል።

ቲ-ዋን በሚባለው የኤምአርአይ ምስል ስብ ያበራል። ስለዚህ የጤነኛ አዋቂ አከርካሪ አጠገቡ ካለው ዲስክና ጡንቻ ደመቅ ይላል። ከእነሱ እኩል ወይም በታች ከጠቆረ፣ የስቡን ቦታ የወሰደ ነገር አለ ብለን እንጠረጥራለን። የወሰደው ማን እንደሆነ ግን ጥቁረቱ ብቻውን አይናገርም።

አዎ፣ ማየሎማ ወይም ከሌላ ቦታ የተሰራጨ ካንሰር ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰውነት ተጨማሪ ደም ሲፈልግ ቢጫውን መልሶ ቀይ ያደርገዋል። ደም ማነስ፣ ሲጋራ፣ ውፍረት፣ የረጅም ርቀት ሩጫ፣ ከፍታ ላይ መኖር፣ እነዚህ ሁሉ ይህን ለውጥ ያመጣሉ። የጎረቤታችን የበቆጂ ሯጭ አከርካሪ ጠቆር ብሎ ቢታይ ብዙም አይግረማችሁ።

እኛስ? ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ነው፣ ጎባ 2,700 ያህል፣ ሳነቴ ደግሞ ከ4,000 ያልፋል። በ2019 እ.ኤ.አ. ይፋ የሆነ ጥናት ፊንጫ ሀበራ በተባለው የባሌ ዋሻ፣ 3,469 ሜትር ላይ፣ ከ40 ሺህ ዓመት በፊት ሰው ይኖር እንደነበር አሳይቷል።

ታዲያ «የባሌ ሰው ነው፣ ከፍታው ነው» ብለን እንለፈው? አይሆንም! በ2002 እ.ኤ.አ. በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎች ሲመረመሩ ሄሞግሎቢናቸው ባሕር ጠለል ላይ ካለ ሰው ብዙም አልራቀም። በ2012 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ደግሞ የባሌ ደጋ ኦሮሞዎች ሄሞግሎቢን ቆላ ካሉት ወገኖቻቸው ከፍ ብሎ አገኘው። ደጋ ሁሉ አንድ አይደለም። በግምት ከመፍረድ ደሙን መለካት ይሻላል።

መጥቆሩ በአንድ ቦታ ብቻ ከሆነ ደግሞ ሌላ ነገር አስቡ። ዲስኩ ተበልቶ ጎኑ ላይ መግል ከተጠራቀመ ቲቢ ሊሆን ይችላል። ከብት የሚያረባና ያልተፈላ ወተት የሚጠጣ ሰው ከሆነ ብሩሴሎሲስንም አትርሱ። ሁለቱም በመድኃኒት ይድናሉ፤ ካንሰር ተብለው ከታለፉ ግን ሰውየው እግሩን ሊያጣ ይችላል።

ስለዚህ ሦስት ነገር አደራ እላለሁ። ምርመራ የምታዙ ወንድሞችና እህቶች፣ በመጠየቂያው ላይ «የወገብ ሕመም» ብቻ አትጻፉ። ዕድሜውን፣ የሚኖርበትን ቦታ፣ ትኩሳትና ክብደት መቀነስ መኖሩን፣ የሄሞግሎቢኑን ውጤት ጨምሩ። ምስሉን የምናነብ ደግሞ «ቀንሷል» ብለን አንቁም፤ ቀጥሎ ምን ይደረግ የሚለውን እንጻፍ። «አውት ኦፍ ፌዝ» የሚባለው ተጨማሪ ምስል ብዙ ጊዜ ይለየዋል፦ ስብና ውሃ አብረው ካሉ ሲግናሉ ከ20 በመቶ በላይ ይወርዳል፤ ዕጢ ስቡን ከተካው ግን በአብዛኛው ያን ያህል አይወርድም። ጥርጣሬው ከቀጠለ ከመቅኔው ናሙና ይወሰዳል።

ሦስተኛው ለሁላችንም ነው። በየመንደሩ «ዩኒቨርሲቲ የተማረው ልጅ» እየተባልን ወረቀቱን እንድናነብ የምንጠራው እኛ ነን። እንግዲህ ወረቀቱ ሲሰጠን የበሽታ ስም ከማውጣታችን በፊት «ደሙ ታይቷል ወይ?» ብለን እንጠይቅ። ይህች ጥያቄ የአንድ ቤተሰብን በሬ ታተርፍ ይሆናል፤ አንዳንዴም ሰውየውን ራሱን።