በዓለት ላይ የተቀረጹ ላሞች
(በተማሪዎች ኅብረት የውይይት ምሽት የተደረገ ንግግር)



ከቆቦ ከተማ ቆመን ወደ ምዕራብ ቀና ብንል የላስታ ተራሮች ይታዩናል። ከዚያ በላይ ዓለት ፈልፍለው ቤተ መቅደስ ያነጹ አባቶች እንደ ነበሩን ሕፃኑም ያውቃል። ወደ ምሥራቅ ዞር ብንል ደግሞ ዞብል አለ፤ በመካከሉም የራያ ሜዳ ከነማሽላውና ከነከብቱ ተዘርግቷል። የታሪክ ነገር በተነሣ ቍጥር ግን ዓይናችን ወደ ምዕራቡ ብቻ ይሄዳል። ዛሬ ልንናገርለት የመጣነው ከቤተ መቅደሱ እጅግ አስቀድሞ ዓለት ስለ ቀረጸው ከብት አርቢ ነው።

በጌዴኦ አገር፣ ከዲላ ብዙም ሳይርቅ፣ ሸጴ በተባለው ስፍራ በወንዝ ሸለቆ ገደል ላይ 50 ያህል ከብቶች ተቀርጸው ይገኛሉ። ፈረንሳዊው ሊቅ ፍራንሲስ አንፍሬ በ1967 እ.ኤ.አ. ስለ እነርሱ ጽፈው አሳተሙ። ከብቶቹ አንዱ ካንዱ ኋላ ተሰልፈው ይሄዳሉ። ግታቸው ጎልቶ ተቀርጿል፤ ቀራጩ ወተት የሚወድ ሰው እንደ ነበረ አያጠራጥርም! ሻኛ ግን የላቸውም።

ይህ የሻኛ ነገር ቀላል አይደለም። በዓለት ላይ የተቀረጸ ሥራ ዕድሜው እንዲመረመር ከሰል ወይም አጥንት አይሰጥም። ስለዚህ ሊቃውንቱ የእንስሳውን መልክ ይመረምራሉ። ሻኛ ያለው ከብት ከእስያ ወደ አገራችን የገባው ዘግይቶ ነውና፣ ሻኛ የሌለው መንጋ የጥንት ምስክር ሆኖ ይቈጠራል። ተመሳሳይ አቀራረጽ ከቀይ ባሕር ማዶ በዓረብ ምድርም ይገኛል።

በአክሱም አጠገብ በጎበድራ ከ3 ሜትር በላይ የምትረዝም አንበሳ በቋጥኝ ላይ ተቀርጻለች። የአገሩ ሰው ቅዱስ ሚካኤል ታግሎ ከዓለቱ ጋር ያላተማት ናት ይላል። አፈ ታሪኩ ባይኖር ኖሮ ቋጥኙን ማን በጠበቀው ነበር?

እንግዲህ ወደ ራያ እንመለስ። በየዓመቱ በበጋ ገበሬው ለእርከን ሥራ ወደ ተራራው ይወጣል፤ ድንጋይ ይፈነቅላል፣ ይፈልጣል። ሥራው መልካም ነው፤ አፈሩ ካልተያዘ ሜዳውም አይኖርም። ነገር ግን ድንጋዩ ከመፈለጡ በፊት ፊቱን ያየለት ሰው አለን? እኛ የተማርነው ልጆች ለዕረፍት በገባን ጊዜ ይህን ብናደርግ ምን ያግደናል?

አመለካከቱም እንዲህ ነው። ጥርብ መስመር በቀትር ብርሃን ይጠፋል፤ ፀሐይ ስትወጣ ወይም ስታዘቀዝቅ ግን ጥላው ይገልጠዋል። የተቀረጸው ጐድጓዳ እንደ ዙሪያው ድንጋይ ከጠቈረ ሥራው የቈየ ነው፤ ከነጣ ግን የትናንት እረኛ የገበጣ ጕድጓድ ሊሆን ይችላል። (ከመካከላችን በልጅነቱ እንዲህ ያለ ገበጣ ያልቈፈረ እጁን ያንሣ!) በጠመኔ ማድመቅ፣ በቢላዋ መፋቅ ፈጽሞ አይገባም። ፎቶግራፉ ሲነሣ አጠገቡ ማስመሪያ ይቀመጥ፤ የቦታው ስም ነዋሪው እንደሚጠራው ይጻፍ፤ ቃሉም ለወረዳው ባህል ጽሕፈት ቤት ይድረስ።

ተራራውን ድንጋይ በድንጋይ የሚያውቁት እረኞቹ ናቸው። ከእነርሱ ጋር ስንቀመጥ ታዲያ መጀመሪያ ስለ ላሞቻቸው እንጠይቅ፤ ድንጋይ አስቀድሞ የጠየቀ እንግዳ ወርቅ ፈላጊ ይመስላቸዋልና።