«ጨርሻለሁ» የሚለው ማን ነው? በእሽቅድምድም መኪና የጎማ ቅየራ መሣሪያዎች ላይ የቀረበ ንግግር



ስለ ፎርሙላ ዋን እንደምናገር ስትሰሙ ስለ ሞተር የጠበቃችሁ ትኖራላችሁ። ሞተሩን ለሌላ ቀን ላቆየው። ዛሬ የምናገረው መኪናው ለጎማ ቅየራ በሚቆምባት አጭር ቅጽበት ሠራተኞቹ ስለሚይዟቸው መሣሪያዎች ነው። ቅጽበቷ ምን ያህል አጭር እንደሆነች ለመገመት፣ የማክላረን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2023 በኳታር አራቱንም ጎማዎች በ1.80 ሰከንድ መቀየሩን አስቡ።

በእያንዳንዱ ጎማ ዙሪያ ሦስት ሰዎች ይሰለፋሉ፤ አንዱ ዳዶውን ይፈታል፣ መልሶም ያጠብቃል፤ ሌላው አሮጌውን ጎማ ያወጣል፤ ሦስተኛው አዲሱን ያስገባል። ከፊትና ከኋላ ደግሞ መኪናውን በክሪክ የሚያነሡ አሉ። ጎማው የሚታሰረው መካከል ላይ ባለ አንድ ዳዶ ብቻ ነው። ዳዶውን የሚያዞረው በታመቀ አየር ወይም በናይትሮጅን የሚሠራ፣ መልኩ ሽጉጥ የሚመስል መፍቻ ነው። ብዙ ቡድኖች የሚጠቀሙበት ፓኦሊ የተባለው የጣሊያን ኩባንያ የሚሠራውን ነው። «ዳዶ»ም «ክሪክ»ም ወደ ጋራዦቻችን የገቡት ከጣሊያንኛ ነውና፣ ቃሉና መሣሪያው የአንድ አገር ልጆች ሆነው ተገናኙ።

የመፍቻው ጉልበት ቀላል አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 በሞናኮ፣ በቫልተሪ ቦታስ መኪና የፊት ቀኝ ጎማ ላይ መፍቻው በደንብ ሳይገጥም ስለዞረ የዳዶው ጥርሶች ተላጡ። ቦታስ ከውድድሩ ወጣ፤ ጎማው የወለቀው መኪናው እንግሊዝ አገር ወዳለው የመርሴዲስ ፋብሪካ ከተመለሰ በኋላ ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ጉልበቱ ሳይሆን ከመሣሪያው የሚወጣው መልእክት ነው። ቀድሞ ከመኪናው ፊት ባለ ረጅም ዘንግ ምልክት የያዘ ሰው ይቆም ነበር። የሠራተኞቹን እጅ በዓይኑ ተከታትሎ ምልክቱን ሲያነሣ ሾፌሩ ይሄዳል። ፌራሪ ይህን ሰው በመብራት ተካው። እ.ኤ.አ. በ2008 በሲንጋፖር፣ በዚያ ምሽት በሰው እጅ ይታዘዝ የነበረው መብራት የነዳጅ መሙያው ቱቦ ሳይነቀል አረንጓዴ ሆነ። ፌሊፔ ማሳ ቱቦውን እየጎተተ ወጣ፤ በዓመቱ መጨረሻም የዓለም ሻምፒዮንነቱን በአንድ ነጥብ ልዩነት አጣ። ፌራሪ ወደ ዘንጉ ተመለሰ።

እዚህ ላይ «ጥፋቱ የሰው ነው፣ ሰውን እናውጣው» የሚል ይኖራል። መልሱ ከአሥር ዓመት በኋላ በባህሬን ተገኘ። በዚያን ጊዜ መብራቱ ከኤሌክትሮኒክስ ሥርዓት ጋር ተያይዟል። ሦስት ጎማዎች ተቀይረው፣ የግራ የኋላው አሮጌ ጎማ ግን ገና ሳይወጣ አረንጓዴው በራ። ኪሚ ራይኮነን መብራቱን አምኖ ተነሣ፤ ጎማው ፊት የቆመው ሠራተኛ እግር ተሰበረ። ቡድኑ 50,000 ዩሮ ተቀጣ። መሣሪያው የግራውን የኋላ ጎማ ችግር እንዳላነበበ ቡድኑ ገለጸ።

«አላነበበም» የሚለው ቃል ለመሐንዲስ ከባድ ነው። ሴንሰር የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው። «ዳዶው ጠብቋል ወይ?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ በአሮጌው ጎማ ላይ ያለው ዳዶም ጠብቋል። «ጎማው ተቀይሯል ወይ?» የሚለው ሌላ ጥያቄ ነው፤ ሌላ ሴንሰር ወይም ሌላ ዓይን ይፈልጋል።

የዓለም አቀፉ አውቶሞቢል ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. በ2021 ከቤልጅየም ውድድር ጀምሮ ዝቅተኛ የጊዜ ልክ አወጣ። ከመፍቻው ምልክት እስከ ክሪኩ መውረድ ቢያንስ 0.15 ሰከንድ፣ ከክሪኩ እስከ አረንጓዴው መብራት ቢያንስ 0.2 ሰከንድ መቆየት አለበት። አኃዞቹ ሰው አይቶ እጁን ለማንቀሳቀስ ከሚፈጅበት ጊዜ ጋር የተቀራረቡ ናቸው። ከዚያ የፈጠነ ምላሽ ከሰው ሊመጣ አይችልም ማለት ነው። ሕጉ ብልሃተኛውን ቡድን ይቀጣል ተብሎ ተተችቷል። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ቀደም ሲል የጠቀስኩት 1.80 ሰከንድ የተመዘገበው ይህ ሕግ ከወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ ነው።

የመመረቂያ ሥራችሁን ይዛችሁ ወደ ቢሮዬ ስትመጡ በመጀመሪያ የምጠይቃችሁ አረንጓዴውን መብራት ከየትኛው ሽቦ ጋር እንዳገናኛችሁት ነው። አሁን ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።