መምህሩና ደቀ መዝሙሩ፤ ከሁለት አሠልጣኞች የትኛው ይበልጣል?

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



አንድን ድልድይ ከሌላው ማወዳደር አያስቸግርም። ሸክሙን ከተሸከመ ተሸከመ፤ ካልተሸከመም ስንጥቁ ይታያል። ሰዎችን የሚመራ ሰው ግን ስንጥቁ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከእኩያው ጋር ሲወዳደር መለኪያው ምን መሆን እንዳለበት አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለዚህ ጥያቄ በአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የእግር ኳስ ታሪክ ውስጥ የኦሃዮ ስቴቱን ዉዲ ሄይስንና የሚሺጋኑን ቦ ሼምቤክለርን ያህል የተመቸ ምሳሌ ማግኘት ያዳግታል። ጨዋታው በስሙ እግር ኳስ ይባል እንጂ፣ ሞላላውን ኳስ በአብዛኛው በእጅ ይዞ በመሮጥና በመወርወር የሚካሄድ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄይስ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የባሕር ኃይል መኮንን ነበሩ። በ1949 እና በ1950 ኦሃዮ ውስጥ በሚገኘው፣ ከፍሎሪዳው ከተማ ጋር ከስሙ በቀር ምንም በማያገናኘው የማያሚ ዩኒቨርሲቲ ሲያሠለጥኑ፣ ወጣቱ ሼምቤክለር ከተጫዋቾቻቸው አንዱ ነበር። ሄይስ በ1951 ወደ ኦሃዮ ስቴት ተዛወሩ፤ ሼምቤክለርም ከ1958 እስከ 1962 በዚያው ረዳታቸው ሆነው ሠሩ። ስለዚህ ሁለቱ በተቃራኒ ወገን በቆሙ ጊዜ አንዱ የሌላውን ሐሳብ ከመነገሩ በፊት ያውቀው ነበር ማለት ይቻላል። ዘዴያቸውም አንድ ነበር፤ ኳሱን አብዝቶ ከመወርወር ይልቅ በጠንካራ ተጫዋቾች ከለላ ይዞ እየሮጡ፣ መሬቱን በጥቂት በጥቂቱ መውሰድ። ለዛሬው ተመልካች ይህ አሰልቺ ሊመስል ይችላል፤ ለዘመኑ ግን ውጤት ያስገኘ ዘዴ ነበር።

በ1968 ኦሃዮ ስቴት ሚሺጋንን 50 ለ 14 ድል አደረገ። ሄይስ ይህን ያህል እየመሩ ሳለ በመጨረሻ ላይ ሁለት ተጨማሪ ነጥብ ለማግኘት ያደረጉት ሙከራ በሚሺጋን ዘንድ እንደ ስድብ ተቆጠረ። ወዲያውም ሚሺጋን ሼምቤክለርን ቀጠረ። በኅዳር 1969 ኦሃዮ ስቴት 22 ጨዋታ በተከታታይ አሸንፎ ወደ አን አርበር ሲመጣ፣ ይሸነፋል ብሎ የጠበቀ ጥቂት ነበር። ሆኖም በመጀመሪያው አጋማሽ ውጤቱ ሚሺጋን 24፣ ኦሃዮ ስቴት 12 ሆነ፤ ከዕረፍት በኋላ ማንም አንዲት ነጥብ ሳይጨምር በዚያው ተፈጸመ። ደቀ መዝሙሩ መምህሩን በመምህሩ ትምህርት አሸነፈ።

ከዚያ ጀምሮ እስከ 1978 ድረስ ሁለቱ አሥር ጊዜ ተጋጠሙ። ሚሺጋን አምስት፣ ኦሃዮ ስቴት አራት አሸነፉ፤ አንዱ እኩል ወጣ። ቢግ ቴን በሚባለው ሊግም በእነዚያ ዓመታት ሁሉ ሻምፒዮናው ለብቻም ሆነ በጋራ ከሁለቱ ቢያንስ በአንዱ እጅ ነበር። የሥራ ዘመናቸው ጠቅላላ ድምር ሲታይም ሄይስ 238፣ ሼምቤክለር 234 ጨዋታ አሸንፈዋል። በሄይስ ዘመን ኦሃዮ ስቴት አምስት ጊዜ የአገሪቱ ሻምፒዮን ተብሏል፤ ሼምቤክለር ይህን ክብር አንድም ጊዜ አላገኙም። ፓሳዴና ላይ በየዓመቱ በሚደረገው የሮዝ ቦል ጨዋታም ሄይስ ከስምንቱ አራቱን ሲያሸንፉ፣ ሼምቤክለር ከአሥሩ ያሸነፉት ሁለቱን ብቻ ነው። እንግዲህ ቁጥር የሚወድ ሰው ወደ ፈለገው ወገን ሊያዘነብል ይችላል።

ቁጥሮቹ የቆሙበት መሠረት ግን ቀጭን ነው። በ1972 ሚሺጋን እኩል ቢወጣ እንኳ ወደ ሮዝ ቦል ይሄድ ነበር። ሼምቤክለር ግን በመጨረሻው መስመር አጠገብ ኳሱን በእግር አስመትተው ሦስት ነጥብ ከመውሰድ ይልቅ በሩጫ መግባትን መርጠው ታገዱ፤ 14 ለ 11 ተሸነፉም። በ1973 ሁለቱ 10 ለ 10 ወጡና ማን ወደ ፓሳዴና ይሂድ የሚለውን የሊጉ የስፖርት ዳይሬክተሮች በድምፅ ወስነው ኦሃዮ ስቴትን ላኩ። በ1974 ኦሃዮ ስቴት 12 ለ 10 ሲያሸንፍ 12ቱም ነጥብ የተገኘው ቶም ክላባን በእግሩ መትቶ ካስገባቸው አራት ኳሶች ነው፤ ጥቂት ሴኮንዶች ሲቀሩ የሚሺጋኑ ማይክ ላንትሪ ከ33 ያርድ የመታው ኳስ ግን በቋሚው ጎን ወጣ። በእነዚያ ሦስት የውድድር ዘመናት ሚሺጋን 30 ጨዋታ አሸንፎ፣ ሁለት ተሸንፎ፣ አንድ እኩል ወጥቶ፣ ሊጉ ከሻምፒዮኑ በቀር ሌላ ቡድን ስለማይልክ ከዓመቱ መጨረሻ ጨዋታዎች ሁሉ ቀረ። አንዲት ኳስ ጥቂት ወደ ቀኝ ብትሄድ ኖሮ የአሠልጣኙ ታሪክ በሌላ ቃል ይጻፍ ነበር። ይህን ያህል በአጋጣሚ የሚዛባ መለኪያ የሰውን ብልጫ ለመወሰን አይበቃም።

ከሜዳው ውጭ ያለው ሥልጣን የተሻለ መለኪያ ነው። ሄይስ ሕሙማንን በየሆስፒታሉ የሚጎበኙ፣ ለተጫዋቾቻቸው ትምህርት የሚጨነቁ ሰው ነበሩ። ቁጣቸውን ግን መግዛት አልቻሉም። በ1971 አን አርበር ላይ የመስመር ምልክቶችን ሰባበሩ፤ በ1977 የቴሌቪዥን ካሜራ የያዘውን ሰው መቱ። ከዚህ ሁሉ በኋላ በሥራቸው ላይ መቆየታቸው የእርሳቸው ብቻ ሳይሆን የአለቆቻቸውም ጥፋት ነው። በታኅሣሥ 1978 በጃክሰንቪል ከተማ በተደረገው የጌተር ቦል ጨዋታ ላይ ደግሞ የክሌምሰኑ ቻርሊ ባውማን ኳሱን ነጥቆ ከሜዳው ጠርዝ ሲወድቅ፣ በሕዝብና በቴሌቪዥን ፊት በቡጢ መቱት። በማግሥቱ ተባረሩ። ያው ዩኒቨርሲቲ በ1986 ለተመራቂዎች ንግግር እንዲያደርጉ ጋበዛቸው፤ በሚቀጥለው ዓመት ዐረፉ።

የሼምቤክለር ጉዳይ ከዚህ ይከብዳል። በ2006 ሲሞቱ እንከን የሌለበት ስም ትተው አልፈዋል፤ በ2014ም ሐውልት ቆመላቸው። በ2021 ይፋ የሆነ የምርመራ ዘገባ ግን የዩኒቨርሲቲው ሐኪም የነበረው ሮበርት አንደርሰን በሕክምና ምርመራ ሰበብ በአትሌቶችና በሌሎች ላይ ለብዙ ዓመታት ወሲባዊ ጥቃት መፈጸሙን ገለጸ። ከቀድሞ ተጫዋቾች አንዳንዶቹና የአሠልጣኙ የጉዲፈቻ ልጅ ጉዳዩን በጊዜው ለሼምቤክለር ነግረዋቸው እንደ ነበር ተናገሩ። ሌሎች የቤተሰቡ አባሎች ግን፣ ቢያውቁ ኖሮ ዝም አይሉም ነበር ሲሉ አስተባበሉ። ሟቹ መልስ ሊሰጡ አይችሉም። የተባለው እውነት ከሆነ ግን የሄይስ ቡጢ አንድ ወጣት ላይ አርፎ በአንድ ሌሊት ሲቀጣ፣ የሼምቤክለር ዝምታ በእጃቸው የነበሩትን ስንቱን ወጣት ያለ ጠባቂ አስቀርቷል፤ እንዲህ ከሆነ አምስቱም ድሎች ከሚዛኑ ላይ ይወርዳሉ። በዚህ መለኪያ፣ ሥራቸውን በቁጣ ያጡት ሄይስ ይሻላሉ ብሎ መፍረድ ይቻላል፤ ጥፋታቸው ቢያንስ ሁሉ የሚያየው ነበርና።

ዩኒቨርሲቲው በ2022 ከ1,000 ለሚበልጡ አመልካቾች 490 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በፊት፣ በ2021 መጸው፣ በሼምቤክለር ዘመን ይጫወት የነበረ አንድ ሰው በፕሬዚዳንቱ መኖሪያ ፊት ለፊት ድንኳን ተክሎ፣ በአን አርበር ብርድ ከ100 ቀን በላይ ተቀመጠ።