ቁልቁለቱ ላይ ከመድረስ በፊት
(ለአዲስ የከባድ ጭነት መኪና ሾፌሮች የተደረገ ንግግር)



ስለ ሾፌርነት ሙያና ሥነ ምግባር እንድናገር ስጠየቅ፣ ቀኑን በጋራዥ የሚያሳልፍ መሐንዲስ ለሾፌር ምን ሊመክር ይችላል የሚል ጥያቄ አንዳንዶቻችሁ ታነሡ ይሆናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። ነገር ግን የተቃጠለ የፍሬን ሸራና የተሰነጠቀ ታምቡር እየፈታ የሚመረምር ሰው፣ ሾፌሩ መንገድ ላይ ምን እንዳደረገ አብሮት ሳይጓዝ ያውቃል። የምናገረውም ከዚያ ስላገኘሁት ነው።

አገራችን ከ1990 ዓ.ም. ጦርነት ወዲህ የወጪና ገቢ ንግዷን በአብዛኛው በጅቡቲ በኩል ስታካሂድ ቆይታለች። የኤሌክትሪኩ ባቡር በ2010 ዓ.ም. መደበኛ ሥራ ቢጀምርም፣ ከጭነቱ የሚበዛው ዛሬም የሚጓዘው በጎማ ነው። ማዳበሪያው፣ ስንዴው፣ ነዳጁ በእናንተ እጅ ያልፋል። ስለ ሥራው ክብር ከዚህ በላይ መናገር የሚያስፈልግ አይመስለኝም፤ ስለዚህ በቀጥታ ወደ ቁልቁለቱ እገባለሁ።

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚወስደውን መንገድ እንውሰድ። መንገዱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጠቅላላ ክብደቱ 40 ቶን የሆነ ባለ ተሳቢ መኪና 1,000 ሜትር ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት ወደ 390 ሚሊዮን ጁል ይጠጋል። ይህ ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ወደ ሙቀት ይለወጣል። ሙቀቱ ሁሉ ለውሃ ማፍያ ቢውል፣ አምስት በርሜል ቀዝቃዛ ውሃ አፍልቶ ይተርፋል። እንግዲህ ይህን ሁሉ እሳት ሾፌሩ በፍሬኑ ላይ ብቻ ቢጭነው ምን እንደሚሆን አስቡት። ሸራው ሲግል የመያዝ ኃይሉ ይደክማል፤ ታምቡሩም በሙቀት ሰፍቶ ከሸራው ይርቃል። ከዚያ በኋላ ፔዳሉን የቱንም ያህል ቢረግጡት መኪናው አይታዘዝም። “ፍሬን በጠሰ” ሲባል ዘወትር የምንሰማው አደጋ፣ ብዙውን ጊዜ አንዳች የተበጠሰ ነገር የማይገኝበት ለዚህ ነው።

መድኃኒቱ ሸክሙን ለሞተሩ ማካፈል ነው። ነባር ሾፌሮች “ዳገቱን በወጣህበት ማርሽ ቁልቁለቱን ውረድ” ብለው ያስተምሩ ነበር። ምክሩ በፊያት ኤን ትሬ ዘመን ፍጹም ትክክል ነበር። የዛሬዎቹ ሞተሮች ግን ጉልበታቸው እጅግ ስለጨመረ ያንኑ ዳገት በከፍተኛ ማርሽ ይወጡታል፤ በዚያው ማርሽ የወረደ ሾፌር ፍጥነቱን ሊገታው አይችልም። ስለሆነም ከዚያም ዝቅ ያለ ማርሽ ምረጡ፤ የሞተር ፍሬን ካለው ክፈቱት፤ ይህንንም ቁልቁለቱ ሳይጀምር፣ ሜዳው ላይ ሳላችሁ አድርጉት። መሐል ላይ ማርሽ ለመቀየር የሞከረ፣ አንዱን አውጥቶ ሌላውን ማስገባት አቅቶት በዜሮ ሊቀር ይችላል። ፔዳሉንም በስሱ እየረገጡ ረጅም መንገድ መጓዝ አይገባም። ፍጥነቱ ከወሰናችሁት ሲደርስ ጠንከር አድርጎ ረግጦ በሰዓት 10 ኪሎ ሜትር ያህል መቀነስ፣ ከዚያም ፈጽሞ መልቀቅ ነው።

ናፍጣ ለመቆጠብ ብሎ ዜሮ አድርጎ የሚወርድም አለ። ይህ ከአደጋው ባሻገር በሒሳብም ስሕተት ነው። በኤሌክትሮኒክ የሚመራ የናፍጣ ሞተር፣ ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግር ከነዳጅ መስጫው ሲነሣ መርጨቱን ያቆማል፤ በዜሮ ሲሆን ግን ላለመጥፋት ሲል ናፍጣ ያቃጥላል።

ስለ ጎማ ሁለት ነገር ብቻ። ከአዋሽ ወደ ሚሌና ወደ ጋላፊ ስትወርዱ ጎማው ይግላል፣ ግፊቱም ይጨምራል። ይህን አይቶ ነፋስ ማስተንፈስ አይገባም፤ የጎደለው ጎማ ይበልጥ እየተጣጠፈ ይበልጥ ይግላልና። የቀለበት ማሰሪያ ያለውን ቸርኬ ስትነፉም ማንም ሰው ፊት ለፊቱ አይቁም። ቀለበቱ ሲፈናጠር ሰው ይገድላል፤ የሚቆመውም ዘወትር ረዳቱ ነው።

ስለ ረዳት ካነሣሁ አይቀር፣ ከእናንተ መካከል ብዙዎቻችሁ ትናንት ረዳት የነበራችሁ ናችሁ። ረዳቱ ያለ ፈቃድ መሪ ጨብጦ እናንተ ከኋላ የምትተኙበት ልማድ ይቅር። እንቅልፍንም በጫት ማታለል አይቻልም፤ ጫቱ እንቅልፉን ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም፤ ሲለቅም በአንድ ጊዜ ነው። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ 22 ሜትር ይጓዛል፤ ሦስት ሴኮንድ ያንቀላፋ ሾፌር 66 ሜትር ያለ ሾፌር ነድቷል ማለት ነው። በአውሮፓ ኅብረት አገሮች ሾፌር አራት ሰዓት ተኩል ከነዳ በኋላ 45 ደቂቃ እንዲያርፍ በሕግ ይገደዳል። እናንተ በመንገዱ ላይ ጥላ ባለበት ቦታ ሁሉ ይህን ለራሳችሁ ደንግጉት።

መኪና ተበላሽቶ ስትቆሙ ለምልክትና ለጎማ መወተፊያ የደረደራችሁትን ድንጋይ አንሥታችሁ ሂዱ። ይህን የምለው ነገሩ ቀላል ሆኖ ሳለ ከሁሉ የበለጠ ስለሚያስቆጣኝ ነው። አስፋልት ላይ የተተወ ድንጋይ በሌሊት ሌላውን ይገለብጣል፤ የተገለበጠውም የሙያ ባልደረባችሁ ነው።

ስለ ትርፍ ጭነት መሐንዲሶቹ ባልደረቦቼ የሚያውቁትን ለእናንተም ላስረዳ። በአሜሪካ አገር በኢሊኖይ ከ1958 እስከ 1960 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የመንገድ ሙከራ፣ አንድ አክስል በመንገዱ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት በክብደቱ አራተኛ ኃይል ገደማ እንደሚያድግ አሳየ። 20 በመቶ ትርፍ የጫነ መኪና የሚያደርሰው ጉዳት በእጥፍ ይጨምራል ማለት ነው። ያው ትርፍ ቁልቁለት ላይ የፍሬኑም ሸክም ነው።

ከዚህ ላይ ዋናው ጥያቄ ይመጣል። የጭነቱም የፍሬኑም ጉዳይ በሾፌሩ ፈቃድ ብቻ የሚወሰን አይደለም። ባለንብረቱ “እንደምንም አድርሰውና ሲመለስ ይሠራል” ይላል፤ አበሉ የሚታሰበውም በምልልስ ነው። አዲስ ሾፌር እንጀራው ገና ስላልጸና እምቢ ለማለት ይፈራል። እኔ ግን ፍሬኑ ያልያዘን መኪና አልነዳም ማለት የሙያው አካል ነው እላለሁ፤ ጉድለቱን በጽሑፍ አድርጋችሁ፣ ቀኑን ጠቅሳችሁ፣ ግልባጩን ለራሳችሁ አስቀሩ። እምቢታው በቃል ብቻ ከሆነ ነገ ምስክር አይገኝለትም።

ነገር ግን ይህን ሸክም በእነርሱ ላይ ብቻ ጥለን ብንሄድ አግባብ አይሆንም፤ ስለዚህ ፊቴን ወደ ማኅበራችን አባላት እመልሳለሁ። ሾፌሩ ጽፎ ያመጣውን የብልሽት ወረቀት ጎማውን እንኳ ሳናስነሣ “ደኅና ነው” ብለን የምንፈርም አለን። በዓመታዊ ምርመራም ጊዜ እንዲሁ። ፊርማችን ያለበት መኪና ወደ ዓባይ በረሃ ሲወርድ እኛ ቢሮ ውስጥ ነን፤ ሾፌሩና ረዳቱ ግን በውስጡ አሉ። ወረቀት ይዞ የመጣን ሾፌር “አስቸጋሪ” የሚል ስም መስጠት መቅረት አለበት፤ እምቢ ባለ ጊዜም ከጎኑ ሆኖ የምርመራውን ውጤት በፊርማው የሚያረጋግጥ መሐንዲስ ያስፈልገዋል።

የቀረውን በተግባር እናየዋለን። በግቢው ውስጥ አንድ ባለ ተሳቢ መኪና ቆሞላችኋል። በመጀመሪያ የነፋስ ጋኖቹን ውሃ እናፈሳለን፤ ከዚያም የተሳቢውን ማያያዣ ፒንና የእያንዳንዱን እግር ፍሬን አንድ በአንድ እንመለከታለን። ልብሳችሁ ቅባት ስለሚነካው ቱታ የሌላችሁ ከመጋዘኑ ውሰዱ።