አሶሳ ስትሰፋ ዙሪያዋ ያሉ መንደሮች ምን ይሆናሉ?

(በወጣቶች ውይይት ላይ የተደረገ ንግግር፤ ላልተገኛችሁ እንደተነገረ አቅርበነዋል)



ዛሬ የማወራችሁ ከአሶሳ ጫፍ ስላሉት መንደሮች ነው። ባጃጁ «ከዚህ ወዲያ አልሄድም» የሚላችሁ ቦታ ማለቴ ነው። በጂኦግራፊ ተመርቄ ሥራ ካጣሁ ወዲህ በእግሬ ብዙ ዞሬባቸዋለሁ፤ ያው ጊዜ አለኝ።

መጀመሪያ አንድ ጥያቄ። አዲስ አበባ ሸጎሌ የሚባል ሰፈር አለ አይደል? ስሙ የመጣው ከእኛው ከሼክ ሆጀሌ አል ሐሰን ነው። መኖሪያቸው እዚያ ነበር። የአዲስ አበባ ልጅ በየቀኑ ታክሲ ላይ «ሸጎሌ! ሸጎሌ!» ሲባል ይሰማል፤ ከየት እንደመጣ ግን ስንቱ ያውቃል? የእኛ ታሪክ እዚያ ድረስ ሄዶ፣ እዚሁ ከደጃችን ያለውን አናውቀውም።

ሼክ ሆጀሌ የአቆልዲ ገዥ ነበሩ፤ ዛሬ አሶሳ የምንለው አካባቢ ማለት ነው። ከጎናቸው ኮሞሻና ቤላ ሻንጉል የየራሳቸው ሼኮች ነበሯቸው። በ1890 ዓ.ም. የራስ መኮንን ጦር ዘልቆ አገሩ በአፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ገባ፤ ግብሩም በዋናነት ወርቅ ነበር። በ1894 ዓ.ም. ደግሞ ከእንግሊዝ ጋር በተፈረመው ውል የሱዳን ድንበር ተሰመረ። ኩርሙክ ከመስመሩ ወዲህም ወዲያም በአንድ ስም የምትጠራው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መንደሮቹ ልምጣ። አምባ 14 ስትባሉ ለምን ቁጥር ሆነ ብላችሁ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? በደርግ ዘመን፣ በተለይ ከ1977ቱ ድርቅ በኋላ፣ ብዙ ሕዝብ ከወሎ ተነስቶ እዚህ እንዲሰፍር ተደረገ። ሽመሉ ተመነጠረ፣ ቤት በረድፍ ተሠራ፣ መንደሩ ቁጥር ተሰጠው። መሬቱ ግን ባዶ አልነበረም። የበርታ አባቶች ማሽላቸውን እያፈራረቁ የሚያርሱበት ነበር፤ ዛሬ ያረፈ የሚመስለው ማሳ ከጥቂት ዓመት በኋላ ተመልሰው የሚያርሱት ነው። ለማያውቅ ሰው ጫካ ይመስላል።

ስለዚህ ቁጥሩ ለአንዱ ተወልዶ ያደገበት ቀዬ ስም ነው፤ ለሌላው የአያቱን አገር ስም የሸፈነ ታፔላ ነው። ሁለቱም እውነት ነው። ሁለቱን ለማጋጨት የሚጽፉ ሰዎች አሉ፤ እዚህ ገጽ ላይ እንዲህ ዓይነት ኮሜንት ባላይ ደስ ይለኛል። የሚመጣው ነገር ሁለቱንም ነው የሚነካው እኮ!

የሚመጣው ከተማው ነው። በ1987ቱ ቆጠራ አሶሳ ከ12 ሺህ ያነሰ ሕዝብ ነበራት። በ1999 ከ24 ሺህ አለፈች። ከዚያ ወዲህ ዩኒቨርሲቲው ተከፈተ፣ ኪራይ ጨመረ። ከተማው ደግሞ የሚሰፋው ወደ ማሳና ወደ ማንጎ ጥላ ነው።

ገበሬው ምን ያደርጋል? ከተማው ሳይደርስ በፊት አንድ ሰው ይመጣና «አባባ፣ ይህችን ጥግ ይስጡኝ» ይላል። ሕገ መንግሥቱ መሬት መሸጥ ስለሚከለክል ወረቀቱ «ስጦታ» ተብሎ ይጻፋል። ገንዘቡ በዓመት ያልቃል። በኋላ ጨረቃ ቤቱ ሲፈርስ ገዢውም ይከስራል፣ ካሳ ሲመጣ ደግሞ ሻጩ ባዶ እጁን ይቆማል።

ሕጉን እወቁ። አዋጅ 1161/2011 ገበሬ ከእርሻ መሬቱ ለዘለቄታው ሲነሳ የሚከፈለውን ያስቀምጣል፤ ባለፉት 3 ዓመታት ካገኘው ከፍተኛው ዓመታዊ ገቢ 15 እጥፍ ነው። ቅር ያለው ሰው በ30 ቀን ውስጥ ለአቤቱታ ሰሚው ማመልከት ይችላል። አዋጁ በ2016 ስለተሻሻለ ማመልከቻ ስትጽፉ ማሻሻያውንም አብራችሁ ያዙ። እናቶቻችንና አባቶቻችን ይህን የሚያነብላቸው አጥተው ነው እንጂ መብታቸውን ጠልተው አይደለም። እናንተ ደግሞ ማንበብ ትችላላችሁ፤ ሥራ ፈትተን የተቀመጥነው ብዙ ነን።

እኔ የጀመርኩት ቀላል ነገር ነው። በየመንደሩ ሽማግሌ ጋ እየሄድኩ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ፦ የጉብታውን ስም፣ የወንዙን ስም፣ ከቁጥሩ በፊት ቦታው ማን ይባል እንደነበር። በርታ ሲነግረኝ በርታኛውን፣ ከወሎ የመጣው ሲነግረኝ እሱ ያወጣለትን፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን እጽፋለሁ። የይዞታ ደብተር ያላቸውን ደግሞ የማን ስም እንዳለበት አይተው በጥንቃቄ እንዲያስቀምጡ እነግራለሁ።

ደብተርና እስክሪብቶ ያለው ከእኔ ጋር ይምጣ። ቅዳሜ ጠዋት እንወጣለን፤ ውኃ ያዙ፣ መንገዱ ጭቃ ነው።