የፀሐይ ብርሃን በውኃ ሥራችን፦ ስለ ፎቶካታሊስት የቀረበ ማብራሪያ



«በፀሐይ ብርሃን ብቻ ውኃን የሚያነጻ መሣሪያ ቀርቦልናልና እንግዛውን?» የሚል ጥያቄ ከመስክ ይደርሰናል። መልሱ ውኃው ውስጥ ባለው ነገር ላይ የተመሠረተ ስለሆነ፣ ከነገሩ ምንነት መጀመርን መርጠናል።

ፎቶካታሊስት ብርሃን ሲያርፍበት ኬሚካዊ ለውጥን የሚያፋጥን፣ ራሱ ግን በሥራው የማያልቅ ንጥረ ነገር ነው። ከሁሉ የታወቀው ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ነው፤ የግድግዳ ነጭ ቀለም የሚሠራበት ያው ነጭ ዱቄት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1972 አኪራ ፉጂሺማና ኬኒቺ ሆንዳ የተባሉ ጃፓናውያን ሊቃውንት፣ ይህ ንጥረ ነገር ከፕላቲኒየም ጋር በሽቦ ተገናኝቶ ብርሃን ሲያርፍበት ውኃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን እንደሚከፍል ኔቸር በተባለው መጽሔት አሳወቁ። ከውኃና ከፀሐይ ነዳጅ የማውጣት ተስፋ በሰፊው የተነቃቃው ከዚያ ወዲህ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ብርሃኑ ኤሌክትሮንን ከስፍራው ያስነሣል። የተነሣው ኤሌክትሮንና ባዶ የቀረው ስፍራ ከኦክስጅንና ከውኃ ጋር ሲገናኙ እጅግ ንቁ የሆኑ ቅንጣቶች ይፈጠራሉ። እነርሱም የጨርቅ ማቅለሚያን፣ የተባይ ማጥፊያን፣ የባክቴሪያን ሽፋን ሳይቀር እየቆራረጡ ያፈርሳሉ፤ በቂ ጊዜ ካገኙ ካርቦናማውን ቆሻሻ እስከ ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውኃ ያደርሱታል። ችግሩ ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ የሚነቃው በአልትራቫዮሌት ጨረር መሆኑ ነው፤ ይህ ደግሞ ምድር ከሚደርሰው የፀሐይ ኃይል ከመቶ አምስት እጅ ገደማ ብቻ ነው። ተመራማሪዎች ናይትሮጅንን ወይም ሌላ ባዕድ ንጥረ ነገር በጥቂቱ እየጨመሩ በዓይን የሚታየውንም ብርሃን እንዲጠቀም ለማድረግ የሚደክሙት ስለዚህ ነው።

አዘጋጀጀቱ ከሚታሰበው ይልቅ ቀላል ነው። የቲታኒየም ውሕድ በአልኮል ይሟሟል፤ ውኃ በጥንቃቄ ሲጨመርበት እንደ ሙጫ ይረጋል፤ ደርቆ በ450 እና በ500 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መካከል ሲተኮስ ዱቄት ይሆናል። እሳቱ እጅግ ከበዛ ግን የዱቄቱ ውስጣዊ አደራደር ተለውጦ ብርታቱ ይቀንሳል። በሀገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የኬሚስትሪ ተማሪዎች ይህን ለመመረቂያ ጥናታቸው ሲሠሩት ኖረዋል። የሚያስቸግረው ዱቄቱን ከነጻው ውኃ መልሶ መለየት ነው። ስለዚህ በመስታወት ወይም በአሸዋ ላይ ቢለበጥ ይሻላል፤ የተለበጠው ግን ከውኃው ጋር የሚገናኝበት ገጽ ስለሚያንስ ሥራው ይዘገያል። ደቃቁን ብናኝ መተንፈስም ለሳንባ አይበጅም።

ስለ ኃይሉ ብዙ አንልም። እ.ኤ.አ. በ2021 የጃፓን ተመራማሪዎች መቶ ካሬ ሜትር ስፋት ባለው ገበታ ሃይድሮጂን ማምረታቸውን አሳውቀዋል፤ ሆኖም ወደ ነዳጅ የተለወጠው የፀሐይ ኃይል ቢበዛ ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አልሞላም። ለገዳም ማእድ ቤት የሚደርስ አይደለምና በዚህ ዓመት ዕቅድ ውስጥ ባናስገባው እንወዳለን። በሮም ከተማ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጠናቀቀ አንድ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ግን ነጭ ግንቡ ከዚሁ ንጥረ ነገር ጋር በተቀላቀለ ሲሚንቶ ተሠርቷል፤ የከተማው ጭስ እንዳያጠቁረው በሚል።

አሁን ወደ ውኃው እንመለስ። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚወጣ ቀለም ያለው ፍሳሽ ለዚህ ዘዴ የተመቸ ነው፤ ዋናውን ማጣሪያ ተከትሎ ቢሠራ ይጠቅማል። የመጠጥ ውኃ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። በስምጥ ሸለቆ የምንቆፍራቸውን ጉድጓዶች አስቡ። የዓለም ጤና ድርጅት ለፍሎራይድ ያስቀመጠው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ሲሆን፣ በአካባቢው ብዙ ጉድጓዶች ከዚህ ያልፋሉ። ጥርሳቸው የበለዘ ልጆችን፣ አጥንታቸው ደርቆ ጎንበስ ያሉ አረጋውያንን ሁላችንም አይተናል። ፍሎራይድ እንደ ማቅለሚያ የተገጣጠመ ነገር አይደለም፤ የሚቆራረጥ ክፍል የለውም። ፎቶካታሊስቱ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ቢሞቅ የገባው ፍሎራይድ እንዳለ ይወጣል። ጨውም እንዲሁ ነው። ውኃው ጠርቶና ጣፍጦ ሲታይ «ነጽቷል» ተብሎ ለሕፃናት እንዳይሰጥ እንሰጋለን፤ የዛሬው ንግግራችንም በዋናነት ስለዚህ ነው። ለፍሎራይድ የሚታወቀው መንገድ የተከሰለ አጥንት ማጣሪያ ወይም ሌላ የውኃ ምንጭ መፈለግ ነው።

ጀርም ብቻ ያለበት ውኃ ከሆነ ደግሞ መሣሪያ ከመግዛት በፊት ቀላሉን መንገድ እንይ። ጥርት ያለ ውኃ በንጹሕና ቀለም በሌለው የፕላስቲክ ጠርሙስ ተሞልቶ ስድስት ሰዓት ፀሐይ ላይ ቢተኛ ይበቃዋል፤ ሰማዩ ከደመነ ሁለት ቀን ያስፈልጋል። የደፈረሰ ውኃ አስቀድሞ ይጠል ወይም ይጣራ፤ ጭቃ ብርሃንን ስለሚጋርድ ፎቶካታሊስትም ቢሆን በድፍርስ ውኃ ሥራው ይሰናከላል።

ስለዚህ መሣሪያ የሚያቀርብላችሁ ነጋዴ ሲመጣ፣ ከገጠመው በኋላ ሳይሆን ከመግጠሙ በፊት የውኃችሁን ናሙና ወደ ላቦራቶሪ ላኩ። የፍሎራይዱ፣ የጨዋማነቱና የባክቴሪያው ውጤት በጽሑፍ ይምጣ፤ ነጋዴውም መሣሪያው ከእነዚህ የትኛውን በስንት ሰዓት እንደሚቀንስ በፊርማው ያረጋግጥ። ሁለቱን ወረቀቶች አያይዛችሁ ወደ ውኃ ክፍላችን ብትልኩልን መርምረን አስተያየታችንን እንሰጣለን። ናሙናው በንጹሕ ዕቃ ተቀድቶ፣ የጉድጓዱ ስምና የተቀዳበት ቀን ይጻፍበት።