ሕዋስ ሕዋስን ስለ ምን ይይዛል?

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን በሳይንስ ክበብ ስም የተደረገ ንግግር)



ክበባችን በዛሬው በዓል ላይ እንድናገር ባዘዘኝ ጊዜ ብዙ ካሰብሁ በኋላ ከአንድ ጥያቄ ለመነሣት ወሰንሁ። ሰውነታችን ከእጅግ ብዙ ሕዋሳት የተሠራ መሆኑን በክፍል ተምረናል። እነዚህ ሕዋሳት እያንዳንዳቸው ሕይወት ያላቸው ከሆኑ፥ ከጆንያ እንደ ፈሰሰ ጤፍ የማይበተኑት ስለ ምን ነው? ግንበኛ ድንጋዩን ከድንጋይ ጋር በጭቃ ያያይዘዋል። በሕዋሳት መካከል ግን ጭቃ የሚለጥፍ ግንበኛ የለም።

ሊቃውንት ይህን ጥያቄ ከመረመሩባቸው ፍጥረቶች አንዱ የባሕር ጃርት ነው። እኛ ደገኞች በዓይናችን አላየነውም እንጂ በባሕር ወለል ላይ የሚኖር፥ ክብና እሾሃም የሆነ እንስሳ ነው። እንቁላሉ ወርዱ የሚሊሜትር ዐሥረኛ እጅ ያህል ቢሆን ነው። ሴቲቱ እንቁላሏን፥ ወንዱም ዘሩን በባሕሩ ውኃ ውስጥ ስለሚለቅቁት ፅንሱ ከእናቱ ሆድ ውጭ ያድጋል፤ ስለዚህ በብርጭቆ አኑሮ በማይክሮስኮፕ መከታተል ይቻላል። አንዱ ሕዋስ ሁለት፥ ሁለቱ አራት፥ አራቱ ስምንት እየሆነ ይከፈልና በመጨረሻ ውስጡ ባዶ የሆነ ኳስ ይመስላል። ከዚያ በኋላ አስደናቂ ነገር ይታያል። ከኳሱ ግድግዳ ጥቂት ሕዋሳት ጎረቤቶቻቸውን ለቅቀው ወደ ውስጥ ይገባሉ፤ እዚያም የእጩን አጽም ይሠራሉ።

(ዘመኑን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር እጠራለሁ።) በ1891 ዓ.ም. ሐንስ ድሪሽ የተባለ ጀርመናዊ ሁለት ሕዋስ የሆነውን ፅንስ በውኃ ውስጥ አጥብቆ ቢነቀንቀው ሁለቱ ተለያዩ፤ ሳይሞቱም የቀሩት እያንዳንዳቸው መጠኑ ያነሰ ሙሉ እጭ ሆኑ። በ1900 ዓ.ም. ደግሞ ኩርት ኸርብስት ካልሲየም የሌለበት የባሕር ውኃ አዘጋጅቶ ፅንሱን ቢያኖርበት ሕዋሳቱ እርስ በርሳቸው ተለቃቀቁ። ካልሲየም በአጥንታችንና በኖራ ድንጋይ ውስጥ የሚገኘው ነው፤ ለካስ ሕዋሳትም እንደ ግንበኛ ኖራ ይፈልጋሉ!

አሁን ልናገርለት ወደ ፈለግሁት ሰው ደረስሁ። ዶክተር ኧርነስት ኤቨረት ጀስት በ1883 ዓ.ም. በአሜሪካ በቻርልስተን ከተማ ከጥቁር ቤተ ሰብ ተወለደ። አባቱ በልጅነቱ ስለ ሞተ ያሳደገችው አስተማሪ የነበረችው እናቱ ናት። በ1907 ዓ.ም. ከዳርትመዝ ኮሌጅ በከፍተኛ ማዕርግ ተመርቆ በዋሽንግተን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር ጀመር፤ መጀመሪያ ያስተማረው ግን ሥነ ሕይወትን ሳይሆን እንግሊዝኛን ነበር። (ሀዋርድ የኛው ሐኪም ዶክተር መላኩ በያን የተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ነው።) ከ1909 ዓ.ም. ጀምሮ ክረምት በመጣ ቍጥር ውድስ ሆል ወደሚባለው የባሕር ምርምር ጣቢያ እየወረደ የባሕር እንስሳትን እንቁላል ይመረምር ነበር።

በ1919 ዓ.ም. የባሕር ጃርት ዘመድ በሆነ ጠፍጣፋ እንስሳ እንቁላል ላይ ያየውን አሳተመ። የወንዱ ዘር እንቁላሉን በነካበት ስፍራ ለውጥ ይነሣል፤ ያም ለውጥ በኩሬ ላይ ድንጋይ ሲጣል እንደሚነሣው ማዕበል የእንቁላሉን ገጽ ይዞራል፤ ማዕበሉ ያለፈበትም ገጽ ሌላ ዘር አያስገባም። በዚያ ዘመን ብዙዎች ሊቃውንት ዓይናቸውን በሕዋሱ አስኳል ላይ ጥለው ነበር። ጀስት ግን ገጹ እንደ ጆንያ ውስጡን የሚይዝ ብቻ እንዳልሆነ፥ ሥራ የሚሠራ ሕያው ክፍል መሆኑን ተከራከረ። የሕዋሳት መጣበቅም ከገጻቸው የሚመጣና በፅንሱ ዕድሜ የሚለዋወጥ መሆኑን አስተዋለ። ለኔ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ መጣበቁ እንደ ደረቀ ጭቃ አንድ ጊዜ ተለጥፎ የሚቀር ቢሆን ኖሮ፥ ቅድም የነገርኋችሁ ሕዋሳት ከግድግዳው ሊወጡ ባልቻሉም ነበር። ፅንሱ የሚሠራው በመያያዝም በመላቀቅም ነው።

ስለ ጂን የነበረው አሳብ ሁሉ እንዳልሰመረለት መናገር ይገባል፤ ለገጹ ሲሟገት የአስኳሉን ሥራ አሳንሶ ነበር። ነገር ግን በደንብ ሳይሰማ የቀረው በዚህ ምክንያት ብቻ አይደለም። ጥቁር በመሆኑ በሀገሩ ከታላላቆቹ የምርምር ዩኒቨርሲቲዎች ቦታ የሰጠው አልነበረም። ስለዚህ ከ1929 ዓ.ም. ጀምሮ ወደ ናፖሊ፥ ወደ በርሊንና ወደ ፈረንሳይ እየሄደ ሠራ። ስለ ሕዋስ ገጽ የጻፈው መጽሐፍ በ1939 ዓ.ም. ታተመ፤ ያው ዓመት ጦርነት የተነሣበት ነበር። በ1940 ዓ.ም. ጀርመኖች ፈረንሳይን ሲይዙ ለጥቂት ጊዜ ታሰረ፤ ተፈትቶም ወደ ሀገሩ ተመለሰ፤ በ1941 ዓ.ም. በ58 ዓመቱ ሞተ።

ጥያቄው ግን ቀጠለ። በ1962 ዓ.ም. ጆቫኒ ጁዲቼ የተባለ ኢጣሊያዊ የባሕር ጃርትን ፅንስ ወደ ነጠላ ሕዋሳት ቢበትነው፥ ሕዋሳቱ ተፈላልገው እንደገና ተሰብስበው እጭ የሚመስል ነገር ሠሩ። ጃፓናዊው ማሳቶሺ ታኬይቺ ደግሞ ሕዋስን ከሕዋስ የሚያያይዝ፥ ያለ ካልሲየምም የማይሠራ ፕሮቲን አገኘ፤ በ1984 ዓ.ም. ካድሄሪን ብሎ ሰየመው። የኸርብስት ኖራ ምን ይሠራ እንደ ነበር ያን ጊዜ ታወቀ። በባሕር ጃርት ፅንስ ውስጥም ወደ ውስጥ የሚገቡት ሕዋሳት ጎረቤቶቻቸውን በሚለቁበት ሰዓት ካድሄሪኑን ከገጻቸው ያነሡታል። ዛሬ የካንሰር ሐኪሞችም ይህን ነገር ይመረምሩታል፤ በሽታው ወደ ሌላ ብልት የሚዛመተው ሕዋሳቱ ከስፍራቸው ሲላቀቁ ነውና።

የባሕር ጃርት ልናሳያችሁ ስላልቻልን በቤተ ሙከራው ዛሬ ማለዳ ከኩሬ ያመጣነውን የእንቁራሪት እንቁላል አዘጋጅተናል። ጀስት ንጹሕ ባልሆነ ዕቃ የተመረመረ እንቁላል ስለ ጤነኛ እንቁላል አይመሰክርም ባይ ነበርና፥ እባካችሁ ሳሕኑን በእጃችሁ አትንኩ። ከመስኮቱ አጠገብ ባለው ማይክሮስኮፕ አራት ሕዋስ የሆነው ይታያል፤ ብዙ ከቆያችሁ ግን ስምንት ሆኖ ታገኙታላችሁ።